ውሻን የሚያረጋጋ መድኃኒት፦ ምን ያደርጋል? ምንስ ይሸፍናል?

ውሻ የሚያሳድግ ሰው አንድ ቀን «የሚያስተኛው ነገር» መፈለጉ አይቀርም። ጆሮው ቆስሎ ማንንም አላስነካ ይላል። ጥፍሩ ዞሮ ሥጋው ውስጥ ገብቶ መቆረጥ አለበት። የማምከን ቀጠሮ ተይዞለታል። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ርችት ሲተኮስ ደንብሮ አጥር ይዘላል። ወይም ቤተሰቡ ውጭ አገር ሊሄድ ነውና እሱም አብሮ ሊበር ነው። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው «ምን ያህል ልስጠው?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ መድኃኒቱ ከውሻው ላይ የሚያነሣለት ምኑን ነው? ፍርሃቱን? ሕመሙን? ወይስ መንቀሳቀሱን ብቻ?

ይህን ልዩነት ባለቤቱም ሊያውቀው ይገባል። ፍርሃትን የሚቀንስ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ፣ ሕመምን የሚያስታግስና ጨርሶ ራስን የሚያስት መድኃኒት የተለያዩ ናቸው። አንዱ መድኃኒት ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን ያደርጋል፤ አራቱንም ለብቻው በደህና የሚሠራ የለም። ሐኪሞች ሁለትና ሦስት መድኃኒት በትንሽ በትንሹ የሚያዳብሉት ለዚህ ነው። ባለቤቱ ግን የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሻው ዝም ብሏል። ዝምታውን አይቶ «ደህና ነው» ብሎ መደምደም በዚህ ጉዳይ ከሚፈጸሙ ስህተቶች ሁሉ የከፋው ይመስለኛል፤ ውሻ እየፈራም፣ እያመመውም፣ ትንፋሽ እያጠረውም ዝም ሊል ይችላልና።

የማይንቀሳቀስ ግን የሚፈራ

ከአሴፕሮማዚን እንጀምር። በብዙ አገር የእንስሳት ክሊኒኮች ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት የኖረ መድኃኒት ነው፤ በኪኒንም በመርፌም ይገኛል። ለሰው የአእምሮ ሕመም ከሚሰጠው ከክሎርፕሮማዚን ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ዋና ሥራው ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል በአንጎል ውስጥ የሚያደርሰውን መልእክት መዝጋት ነው። መድኃኒቱን የወሰደ ውሻ ለአካባቢው ግድ ያጣል፤ ጭንቅላቱ ይከብደዋል፤ ከዓይኑ ጥግ ሦስተኛው ቆብ ወጣ ብሎ ይታያል፤ ሲራመድ ይንገዳገዳል። ሕመሙ ግን እንዳለ ነው። ፍርሃቱም ቢሆን የምናስበውን ያህል አይቀንስም።

የእንስሳት ባህርይ ሐኪሞች ለርችትና ለነጎድጓድ ፍርሃት ይህን መድኃኒት ብቻውን መስጠት የማይመርጡት ለዚህ ነው። ውሻው ድምፁን ይሰማል፤ ይደነግጣል፤ ሮጦ መደበቅ ግን አይችልም። ሰውነቱ አልታዘዝ ስላለው ብቻ ላየው የረጋ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ሌሊት ያሳለፈ ውሻ በሚቀጥለው ርችት ፍርሃቱ ብሶ ቢገኝ አያስገርምም። በዚያ ላይ በአሴፕሮማዚን ያንቀላፋ ውሻ ድንገት ሲነካ ወይም ሲጮኽበት በቅጽበት ነቅቶ ሊናከስ ይችላል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መድኃኒቱ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ የደም ግፊትን ያወርዳል። መኪና ገጭቶት ደም ለፈሰሰው፣ በተቅማጥ ውኃ ላለቀበት ውሻ የሚሰጥ አይደለም። ማርከሻም የለውም። አንዴ ከገባ በኋላ ሰውነቱ ራሱ እስኪያስወግደው መጠበቅ ብቻ ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሰዓት፣ በሽማግሌ ውሻና ጉበቱ በታመመ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈጃል። መድኃኒቱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ጤነኛ ለሆነ ውሻ፣ ከሕመም ማስታገሻ ጋር ተዳብሎ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ሲሰጥ ጥሩ ይሠራል። የሚጎዳው ያለ ቦታው ሲገባ ነው።

ልቡ ለምን ይዘገያል?

በእኛ አገር የእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ ከሚታወቁት የሚያረጋጉ መድኃኒቶች አንዱ ዛይላዚን ነው። በጀርመኑ ባየር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሠራ የታሰበው የሰውን የደም ግፊት ለማውረድ ነበር። በሰው ላይ ሲሞከር ግፊቱን ከልክ በላይ ስላወረደና ስላደነዘዘ ለእንስሳት ተተወ። ከእሱ በኋላ የመጡት ሜዴቶሚዲንና ዴክስሜዴቶሚዲን የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ ጥርት ባለ መንገድና በጣም በትንሽ መጠን ይሠራሉ።

እነዚህ መድኃኒቶች እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ ክሊኒክ ውስጥ ከሚያጋጥም ብዙ ድንጋጤ ያድናል። የአንጎል ነርቮች ንቃትን ከሚያስተላልፉባቸው ኬሚካሎች አንዱ ኖርአድሬናሊን ነው። ነርቩ ኬሚካሉን በቂ ያህል ሲረጭ «ይበቃል» የሚል የራሱ ፍሬን አለው። መድኃኒቱ የሚረግጠው ያንን ፍሬን ነው። ኖርአድሬናሊኑ ሲቀንስ ንቃቱ ይወርዳል፣ ጡንቻው ይላላል፣ ሕመሙም በተወሰነ ደረጃ ይታገሣል። ውሻው ከአሴፕሮማዚን ይልቅ ጠለቅ ብሎ ያንቀላፋል።

ነገር ግን መድኃኒቱ የሚያርፍበት ተቀባይ በደም ሥሮች ግድግዳ ላይም አለ፤ እዚያ ሲያርፍ የደም ሥሩን ያጠበዋል። ስለዚህ መርፌው ከተወጋ በደቂቃዎች ውስጥ ግፊቱ ከፍ ይላል። ልብ ደግሞ ግፊቱን ለማስተካከል ምቱን ይቀንሳል። በደቂቃ 100 ጊዜ ይመታ የነበረ ልብ ወደ 50 እና ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። ድዱ ይነጣል። አጠገቡ የቆመ ባለቤት ይህን ሲያይ «ሞተብኝ!» ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ ሐኪሙ ግን ይህ እንደሚመጣ አውቆ ነው የወጋው። ጤነኛ ልብ ይህን ይችለዋል። የታመመ ልብ ላይችለው ይችላል። ሐኪሙ ከመውጋቱ በፊት ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ የሚያዳምጥበት ያ ደቂቃ የሕክምናው አካል ነው። ያን ሳያደርግ መርፌ የሚያነሣ ካጋጠመዎት «መጀመሪያ ልቡን ያዳምጡልኝ» ቢሉ ድፍረት አይደለም።

ዛይላዚን የተወጋ ውሻ ብዙ ጊዜ ከማንቀላፋቱ በፊት ያስመልሰዋል፤ መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ያለውን ማስመለስን የሚያዝ ክፍል ስለሚቀሰቅሰው ነው። ሆዱ ባዶ ከሆነ ጥቂት አረፋ ተፍቶ ይተኛል። ጠዋት በልቶ ከመጣ ግን ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኖ የሚያስመልሰው ምግብ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ያ ደግሞ ከመጣበት ሕመም የሚብስ የሳንባ ብግነት ያመጣል።

የዚህ ቤተሰብ ትልቁ ጥቅም ማርከሻ ያለው መሆኑ ነው። አቲፓሜዞል በጡንቻ ሲወጋ ውሻው ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ጭንቅላቱን ያነሣል፤ ለዛይላዚን ዮሂምቢንም ይሠራል። ማርከሻው ግን እንቅልፉን ብቻ ለይቶ አያነሣም፤ መድኃኒቱ ይሰጥ የነበረውን የሕመም ፋታም አብሮ ይወስዳል። ስለዚህ የተሰፋ ውሻ ከመቀስቀሱ በፊት ሌላ የሕመም ማስታገሻ ያስፈልገዋል። ከዛይላዚን ጋር ኬታሚን የተባለው ማደንዘዣ ተሰጥቶ ከሆነ ደግሞ መቸኮል አደጋ አለው። ኬታሚን ብቻውን ሲቀር የውሻን ጡንቻ ያደርቃል፤ ሊያንቀጠቅጠውም ይችላል። ኬታሚን የወሰደ ውሻ ዓይኑ ክፍት እንደሆነ ይቆያል። ዓይኑ ስለተከፈተ ነቅቷል ማለት አይደለም፤ እንዳይደርቅበትም ሐኪሙ የዓይን ቅባት ያደርግለታል።

ስለ መጠን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዛይላዚን በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም በያዘም፣ 100 ሚሊ ግራም በያዘም ጠርሙስ ይሸጣል። መጠኑን «ሲሪንጁ እዚህ መስመር ድረስ» እያለ በዓይኑ የያዘ ሰው ጠርሙሱ ሲቀየርበት 5 እጥፍ ይወጋል። ከከብት ተነሥቶ ለውሻ ማስላትም አይሠራም። ከብት ለዚህ መድኃኒት እጅግ ስስ በመሆኑ ፈረስ ከሚወስደው 10ኛው እጅ ገደማ ይበቃዋል። የእንስሳው ትልቅነት የመድኃኒቱን መጠን አይነግርም። በክፍለ ሀገር ከብት የሚያክም ጎረቤት ለውሻዎ «ትንሽ» ሊወጋልዎት ሲነሣ ይህን ያስታውሱ።

የደነገጠ ውሻ መድኃኒቱን ያሸንፈዋል

በግቢ ጠባቂነት ያደገ የሀበሻ ውሻ ሕክምና የሚጀምርበትን ሁኔታ እናስብ። ዕድሜውን ሙሉ ከባለቤቱ በቀር ማንም አልነካውም። ገመድ ለምዶ አያውቅም። አንድ ቀን ሦስት ሰው ግቢውን ሞልቶ ያሳድደዋል፤ አንገቱ ላይ ገመድ ይገባል፤ እየታገለ፣ እያለከለከ፣ አረፋ እየደፈቀ መርፌው ይወጋል። ከዚያ ሁሉም ቆሞ እንቅልፉን ይጠብቃል። ውሻው አይተኛም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ኖርአድሬናሊን፣ ከአድሬናሊን ጋር፣ በፍርሃቱ ሰዓት በሰውነቱ ውስጥ ሞልቶ ፈስሷል። መድኃኒቱ ነርቩ ከዚህ በኋላ የሚረጨውን ሊያስቀር ይችላል፤ የተረጨውን ግን አይመልስም። ስለዚህ ለጸጥተኛ ውሻ ከበቂ በላይ የሆነ መጠን ለዚህኛው ምንም ያልተሰጠው ያህል ይሆናል። እዚህ ላይ ነው አደጋው የሚመጣው። «አልያዘውም፣ ጨምርለት» ይባላል፤ ይጨመራል፤ አሁንም ይጨመራል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፍርሃቱ ሲበርድ የተደራረበው መድኃኒት ሁሉ በአንድ ላይ ይሠራል፤ ልቡና ትንፋሹ አብረው ይወርዳሉ።

መድኃኒቱ በደንብ እንዲይዝ የሚረዳው ጸጥታ ነው። ከመርፌው በፊት ውሻው ትንፋሹ እስኪመለስ ይተው። ከተወጋ በኋላ ብርሃን ቀነስ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ማንም ሳያናግረው፣ ማንም ሳይነካካው 15 ወይም 20 ደቂቃ ይቆይ። አጠገቡ የሚሆነው የሚያውቀው ሰው ብቻ ይሁን። «ተኝቷል ወይ?» እያሉ በየደቂቃው መነቅነቅ እንቅልፉን ማባረር ነው። ይህን ትዕግሥት ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚሰጠውን የመድኃኒት መጠን ግን ይቀንሳል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ፈሪ ውሻ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ሥራውን ከቤት ነው የሚጀምሩት። ጋባፔንቲን ወይም ትራዞዶን፣ አንዳንዴም ሁለቱን፣ ከቀጠሮው በፊት ባለው ማታና ከመነሣቱ 2 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ እንዲሰጠው ያዛሉ፤ ኪኒኑ ቁራሽ ሥጋ ውስጥ ይደበቃል። ውሻው ወደ ክሊኒክ ሲደርስ ፍርሃቱ ከመቀጣጠሉ በፊት ተይዟል ማለት ነው፤ መርፌው ካስፈለገም በትንሹ ይበቃል። ሐኪም ጋ ሲደውሉ «ውሻዬ ሰው አያስነካም» ብለው አስቀድመው ይንገሩ። ደጃፍ ላይ ደርሶ ከሚታወቅ ይልቅ ቀድሞ መታወቁ ለውሻውም ለሐኪሙም ይሻላል።

የሰው መድኃኒት ለውሻ

ዳያዜፓም ለሰው እንቅልፍ ስለሚያመጣ ለውሻም ያመጣል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ጤነኛ ውሻ ላይ ግን ተቃራኒው ሊታይ ይችላል፤ ይቅበጠበጣል፣ ይራመዳል፣ ያለቃቅሳል፣ ምግብ ይሻማል። የውሻ ሰውነት መድኃኒቱን ከሰው በበለጠ ፍጥነት ያስወግደዋልና ቢይዘውም ብዙ አይቆይም። ከሁሉ የሚያሰጋው ሌላው ነገር ነው። ፈሪ ውሻን ከመንከስ የሚያግደው ራሱ ፍርሃቱና መጠንቀቁ ነው፤ ይህ መድኃኒት ያንን መጠንቀቅ ያነሣዋል። ነክሶ የማያውቅ ውሻ ሊነክስ ይችላል። ሐኪሞች ዳያዜፓምና ሚዳዞላም የሚጠቀሙት የሚጥል በሽታን ለማቆም ወይም ከሌላ መድኃኒት ጋር አዳብለው ነው፤ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ለምትኖሩ አንባቢዎች አንድ የተለየ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለሰው የሚሸጠው ፈሳሽ ጋባፔንቲን ውስጥ ለጣዕም ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ሊኖር ይችላል። ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ሊጥለው፣ ጉበቱንም ሊያጠፋው ይችላል። ሐኪሙ ጋባፔንቲን ሲያዝ ፋርማሲው ለውሻ መሆኑን ማወቅ አለበት። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም የውሻን ሆድ ያደማሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፤ «ሕመሙ ከለቀቀው ይረጋጋል» ተብሎ ከእጅ የሚወጡት ግን ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። አረቄም ሆነ ሌላ መጠጥ ለውሻ መርዝ ነው፤ ማስተኛ አይደለም።

የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ስላለ ይህንም ልጨምር። ባህርዩ በድንገት የተለወጠ፣ ያለ ምክንያት የሚናከስ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋው የወረደ ወይም መዋጥ ያቃተው ውሻ በእጅዎ ኪኒን አፉ ውስጥ የሚያስገቡለት ውሻ አይደለም። በር ዘግተው ሐኪም ይጥሩ። ነክሶ ወይም ለሃጩ ቁስል ነክቶ ከሆነ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥበው ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ዘርና ሰውነት

ኮሊ የሚባለው ውሻ ለምን በአንዳንድ መድኃኒት እንደሚመረዝ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በተሠራ ጥናት ነው። በጤነኛ ውሻ አንጎል ዙሪያ የሚገባውን መድኃኒት መልሶ የሚያስወጣ ፕሮቲን አለ፤ ኤም.ዲ.አር. 1 በተባለው ዘረ መል ላይ ጉድለት ያለበት ውሻ ይህ ፕሮቲን አይሠራለትም። መድኃኒቱ አንጎሉ ውስጥ ይከማቻል። በአሜሪካ ከ4 ኮሊዎች 3ቱ ያህሉ ይህ ጉድለት አለባቸው፤ ከጀርመን ሼፐርዶችም ጥቂቶቹ አለባቸው። ለእንዲህ ያሉ ውሾች የአሴፕሮማዚንና ቡቶርፋኖል የተባለው የሕመም ማስታገሻ መጠን ይቀነሳል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ሼፐርድና የሼፐርድ ክልስ ብዙ ስለሆነ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። ውሻዎ ከዚህ ቀደም አይቨርሜክቲን በተባለው የጥገኛ ተሐዋስያን መድኃኒት ታሞ ከነበረ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ያ ትልቅ ፍንጭ ነው።

ቦክሰሮች በተለመደው የአሴፕሮማዚን መጠን ሲወድቁ ታይተዋል። ግሬይሀውንድና ዘመዶቹ ጉበታቸው አንዳንድ ማደንዘዣዎችን ቀስ ብሎ ስለሚያፈርስ ለመንቃት ይዘገያሉ። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች፣ ማለትም ቡልዶግና ፓግ፣ ነቅተው ሳሉ እንኳ በትግል ነው የሚተነፍሱት። ጉሮሯቸውን ከፍቶ የሚይዘው ጡንቻ በመድኃኒት ሲላላ የአየር መንገዱ ይዘጋል። እነሱን ያለ ሐኪም ማስተኛት ማነቅ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗም ይቆጠራል። እዚህ ከፍታ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የለመደ ጤነኛ ውሻ ችግር የለበትም፤ ትንፋሹ በመድኃኒት ሲቀንስ ግን የሚተርፈው ጥቂት ነው። ኦክስጅን ያለው ክሊኒክ መምረጥ የሚቻል ከሆነ ይመረጥ።

ከመርፌው በፊትና በኋላ

ውሻው ይመዘን። በግምት «ሠላሳ ኪሎ ይሆናል» የተባለ ፀጉራም ውሻ ሃያ ሊሆን ይችላል። የሚታቀፍ ከሆነ እርስዎ ታቅፈውት ሚዛን ላይ ይውጡ፣ ከዚያ የራስዎን ክብደት ይቀንሱ። ጤነኛ ጎልማሳ ውሻ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያለ ምግብ ይቆያል፤ ውኃ ግን አይከለከልም። ከ8 ሳምንት በታች የሆነ ቡችላ ለረጅም ሰዓት ከተራበ ስኳሩ ይወርዳልና ለእሱ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይበቃል። ሳል ካለው፣ ሲሮጥ የሚደክመው ከሆነ፣ የሚጥል በሽታ ካለበት፣ ካረገዘች፣ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ትናንት ማታ ቤት ውስጥ ምንም ነገር ተሰጥቶት ከሆነ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ። የተደበቀ ኪኒን በመርፌው ላይ ሲደረብ ነው ብዙ ክፉ ነገር የሚሆነው።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 ወደ 98,000 በሚጠጉ ውሾች ላይ ትልቅ ጥናት ተደርጓል። ማደንዘዣ ወይም የሚያረጋጋ መድኃኒት ከተሰጣቸው ጤነኛ ውሾች ከ10,000 ውስጥ 5 ያህሉ፣ ከታመሙት ግን ከ10,000 ውስጥ 133 ያህሉ ሞተዋል። ከሞቱት ግማሽ የሚጠጉት የሞቱት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ አብዛኞቹም በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ውስጥ። ሐኪሙ እጁን ታጥቦ፣ ባለቤቱ «ተመስገን አለቀ» ብሎ ዓይኑን ያነሣበት ሰዓት ማለት ነው።

ስለዚህ ውሻዎ መቆም ሳይችል «ቤት ሄዶ ይነቃል» ቢባሉ እንዲቆይ ይጠይቁ። የግድ ከሆነና ቤት ከወሰዱት ብቻውን አይተዉት። በጎኑ አስተኝተው አንገቱን ይዘርጉለት፣ ምላሱንም ወደ ውጭ ያድርጉለት። ብርድ ላይ አያስተኙት፤ የውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፣ በመድኃኒት ያንቀላፋ ውሻ ግን ራሱን ማሞቅ አይችልም፤ ሲበርደው ደግሞ መድኃኒቱ ከሰውነቱ ቀስ ብሎ ይወጣል። ብርድ ልብስ ይበቃል። የፈላ ውኃ የሞላ ዕቃ ቆዳው ላይ አያስጠጉ፤ ቢያቃጥለው አይነሣም። ፀሐይ ላይም አይተዉት። በሰንሰለት አይሰሩት፤ ሲንገዳገድ ሊታነቅ ይችላል። ከሌሎች ውሾች ይለዩት፤ የሚንገዳገድ ጓደኛቸውን የሚያጠቁ አሉ። በእግሩ ቀጥ ብሎ እስኪሄድ ምግብ አይስጡት፤ አፉ ውስጥ ውኃ ማፍሰስም አይገባም።

ሲነቃ ሊያለቅስ፣ በእግሩ ሊቀዝፍ፣ ባለቤቱን ላይለይ ይችላል። ብዙ ጊዜ ይህ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። በዝግታ በስሙ ይጥሩት፣ ፊትዎን ግን ወደ አፉ አያስጠጉ። ድዱ ቤት ከደረሰ በኋላ ነጭ፣ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች ከተነፈሰ፣ ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ በታች ከወረደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ ወይም ሐኪሙ ካለዎት ሰዓት አልፎም ለጥሪ ምላሽ ካልሰጠ ጊዜ ሳያጠፉ ይደውሉ። ድዱን በጣት ጫን አድርገው ይልቀቁ፤ ቀለሙ ከ2 ሰከንድ በፊት መመለስ አለበት።

ርችትና አውሮፕላን

ለርችት የሚሰጥ መድኃኒት ዓላማው ውሻውን መጣል መሆን የለበትም። ከላይ የጠቀስኩት ዴክስሜዴቶሚዲን በጄል መልክ፣ በድድና በጉንጭ መካከል የሚደረግ ሆኖ ለድምፅ ፍርሃት እ.ኤ.አ. በ2015 በአውሮፓና በአሜሪካ ተፈቅዷል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ውሻው እየሄደ፣ እየሰማ ፍርሃቱ ይቀንስለታል። ከዋጠው ግን እምብዛም አይሠራም። ትራዞዶንም ለዚህ ይታዘዛል። የትኛውም ቢታዘዝ ከበዓሉ በፊት ድምፅ በሌለበት ቀን አንድ ጊዜ ሰጥተው ይሞክሩት፤ እንዴት እንደሚይዘው ዋዜማው ማታ ላይ ማወቅ አይጠቅምም። መድኃኒቱም የሚሰጠው ርችቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ፍርሃቱ ከተነሣ በኋላ ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል። መጋረጃ የተዘጋ የውስጥ ክፍል፣ የተከፈተ ሬዲዮና አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ከማንኛውም ኪኒን ጋር አብረው መኖር አለባቸው።

በአውሮፕላን ለሚጓዝ ውሻ የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር የሚያስተኛ መድኃኒት እንዳይሰጥ ይመክራል፤ ብዙ አየር መንገዶችም መድኃኒት የወሰደ እንስሳ አይቀበሉም። ምክንያታቸው ትክክል ነው። የደም ግፊቱ የወረደ፣ ሙቀቱን መቆጣጠር ያቃተው፣ የሚጓዝበት ሣጥን ሲያዘነብል መደገፍ የማይችል ውሻ በጭነት ክፍል ውስጥ የሚያየው ሐኪም የለውም። የሚሻለው ከጉዞው ሳምንታት በፊት ሣጥኑን በሩ ተከፍቶ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ፣ ምግቡን እዚያ ውስጥ መስጠት፣ ቀስ በቀስም በሩን እየዘጉ ማለማመድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ማድረግ ይቻላል። ውሻዎ የክትባት ካርድ ካለው፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት በተሰጠው ቁጥር የመድኃኒቱን ስም፣ በሚሊ ግራም የተሰጠውን መጠን፣ የዕለቱን ክብደቱን፣ እስኪነቃ የወሰደበትን ሰዓትና ያሳየውን ባህርይ ሐኪሙ እዚያው ላይ እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ። የሚቀጥለው ሐኪም መጠኑን የሚወስነው ያን አይቶ ነው።